የመለኪያ ስሞችና መጠናቸው፦ ከወቄት እስከ ግራም

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈቱት በልክና በመስፈርት ምዕራፍ ነው። ተማሪው ስለ ንጥረ ነገሮችና ስለ ውሑዶች ከመማሩ አስቀድሞ ርዝመትን፣ ይዘትንና ክብደትን መለካት፣ አንዱን መለኪያ ወደ ሌላው መለወጥ ይለማመዳል። ተርጓሚዎች ይህን ምዕራፍ ከሌሎቹ ሁሉ ቀላል አድርገው ይቈጥሩታል፤ ስሞቹ በገበያም በመሥሪያ ቤትም የታወቁ ናቸውና። በእኛ አስተያየት ግን አስቸጋሪነቱ የሚመነጨው ከዚሁ ከመታወቃቸው ነው። የመለኪያ ስም ከአገር ወደ አገር፣ ከዘመን ወደ ዘመን ሲሻገር መጠኑን ይዞ የሚሻገረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከወቄት እንነሣ። ቃሉ ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛው «ወቂያ» ሲሆን፣ ዐረብኛው ከግሪክ፣ ግሪኩም ከላቲኑ «ኡንኪያ» የተቀበለው ነው። ኡንኪያ አሥራ ሁለተኛ እጅ ማለት ነው፤ በሮማውያን ዘንድ የአንድ ሊብራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረ። እንግሊዝኛው ኦውንስም ከዚሁ ግንድ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ ኦውንስን ወቄት ብሎ የሚተረጉም ሰው በሥርወ ቃል ረገድ የሚነቀፍበት ነገር የለም። የሚነቀፈው በሚዛኑ በኩል ነው። በአገራችን አንድ ወቄት የአንድ ማርትሬዛ ብር ክብደት፣ ማለትም 28.07 ግራም ያህል ነበረ። የእንግሊዞች የገበያ ኦውንስ 28.35 ግራም ስለሆነ ቅመም ለሚመዝን ሰው ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። የወርቅ ነጋዴዎች የሚሠሩበት ትሮይ የተባለው ኦውንስ ግን 31.10 ግራም ነው። አንድ መቶ ትሮይ ኦውንስ ወርቅን አንድ መቶ ወቄት ብሎ የተረጐመ ሰው 3,110 ግራም የነበረውን 2,807 ግራም አድርጎታል፤ ከ300 ግራም የሚበልጥ ወርቅ በብዕር ጫፍ ጠፋ ማለት ነው።

የሊትር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ጠመዝማዛ ነው። የግሪኩ «ሊትራ» የክብደት ስም ነበረ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም ያመጣችው ሽቱ የተለካው በዚሁ በሊትራ ሲሆን፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ንጥር ይለዋል። (ይህ ንጥር ከኬሚስትሪው «ንጥረ ነገር» ጋር ሊምታታ አይገባም፤ የኋለኛው «ነጠረ» ከሚለው፣ ለቅቤም ከምንጠቀምበት ግሥ የመጣ ነው።) ቃሉ በመካከለኛው ዘመን ላቲን አልፎ ፈረንሳይ ሲደርስ «ሊትሮን» የተባለ የእህል መስፈሪያ ስም ሆነ፤ በ1795 በወጣው የመለኪያ ሕግም «ሊትር» ተብሎ የይዘት መለኪያ ሆኖ ጸና። በ1901 ደግሞ ዓለም አቀፉ የመለኪያ ጉባኤ ሊትርን የአንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ውሃ ይዘት ነው ብሎ ስለ ደነገገ ስሙ እንደገና በሚዛን ላይ ተመሠረተ። ያን ጊዜ አንድ ሊትር 1.000028 ኩብ ዴሲሜትር ሆኖ ተገኘ። ድንጋጌው በ1964 ተሽሮ ሁለቱ እኩል ተደረጉ። በእነዚህ ዓመታት መካከል የታተመ መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው የመጽሐፉን ሚሊ ሊትር በኩብ ሴንቲሜትር ባይተካው ይሻላል፤ ደራሲው ሁለቱን ለይቶ የጻፈው በምክንያት ሊሆን ይችላልና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ግን የግራም ጉዳይ ነው። የ1795ቱ ሕግ ግራምን የደነገገው፣ ጐኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ የሚይዘው ንጹሕ ውሃ፣ በረዶ በሚቀልጥበት ሙቀት ያለው ክብደት ነው በማለት ነበረ። ለዚህ የሚያስፈልገውን ምዘና ቀደም ብሎ በ1793 ከባልደረባው ጋር የጀመረው ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዚዬ ነው፤ እርሱ ራሱ በ1794 በአብዮቱ ፍርድ አንገቱ ተቈርጦ ስለ ሞተ ሕጉን አላየም። ሕጉ የተጠቀመበት ቃል ክብደት እንጂ ዛሬ መጠነ ቁስ የምንለው አልነበረም። ሁለቱን በይፋ የለያቸው ከላይ ያነሣነው የ1901 ጉባኤ ነው፤ ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ መሆኑን፣ ክብደት ግን ከኃይል ወገን መሆኑን አስታወቀ።

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። ክብደት «ከበደ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ተሸካሚው የሚሰማውን ጫና የሚገልጽ ቃል በመሆኑ ለኃይል በእጅጉ ይስማማል። አንድ ኪሎ ግራም ብረት ከዳሎል ወደ ራስ ዳሸን ጫፍ ቢወሰድ በስፕሪንግ ሚዛን ላይ አንድ ግራም ገደማ ቀሎ ይታያል፤ በባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ግን ያው አንድ ኪሎ ነው። የቀለለው ክብደቱ ነው፤ መጠነ ቁሱ አልተነካም። ከዚህ ተነሥተው ክብደት የሚለው ቃል ከኬሚስትሪ መጻሕፍት ጨርሶ ይውጣ የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። «መዝነህ ክብደቱን ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ ማንንም አያሳስትም። ቁጥሩ በግራም በተጻፈበት ሠንጠረዥና ቀመር ውስጥ መጠነ ቁስ፣ በኒውተን በተጻፈበት ክብደት ቢባል ይበቃል። «አቶማዊ ክብደት» የሚለው ስያሜም፣ የዓለም ኬሚስቶች ማኅበር ራሱ በልማድ ያቈየው ስለሆነ፣ እኛ ከእነርሱ በላይ ልንጠነቀቅበት አያስፈልግም።

የምሕጻረ ቃል ነገር ገና አልተቋጨም። በላቲን ፊደል ሚሊና ሜጋ የሚለዩት በንዑስና በዐቢይ ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ይህ ልዩነት የለውም። የላቲን ጸሐፊዎችም ቢሆኑ አልተቸገሩም አይባልም፤ የሊትር ምልክት የሆነችው ንዑስ ፊደል ከአኃዙ አንድ ጋር እየተምታታች ስላስቸገረች፣ በ1979 በዐቢይ ፊደል መጻፍም ተፈቅዷል። በአማርኛ «ሚ.ግ.» የሚለው ሚሊ ግራምም ሚክሮ ግራምም ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ስለሆነ በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ሲጻፍ የሕይወት ጉዳይ ነው። «ማይክሮ» የሚለው አጻጻፍ ቢጸና «ማ.ግ.» ብሎ መለየት ይቻላል። እስኪጸና ድረስ ግን በመድኃኒትና በቤተ ሙከራ ጽሑፍ ሁለቱም ሳያጥሩ በሙሉ እንዲጻፉ እናሳስባለን።