ሳይፈጸም የቀረ የሕፃን ልመና

ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ በአየርላንድ አገር በቤልፋስት ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓመት ተወለደ። 10 ዓመት ሳይሞላው በ1908 እናቱ በነቀርሳ ሞተችበት፤ እንድትድንለት ጸልዮ ነበርና ኀዘኑ ጸና። በጕርምስናው ሃይማኖቱን ተወ፤ ወደ ክርስትና የተመለሰው በ1931 ነው።

በ1939 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከለንደን የሸሹ ልጃገረዶችን በኦክስፎርድ አጠገብ በነበረው ቤቱ ተቀበለ። በ1950 የታተመው የመዠመሪያው የናርንያ መጽሐፉም ከለንደን የሸሹ አራት ልጆች በቁም ሣጥን በኩል ስለ ገቡበት ስውር ዓለም ይናገራል። በ1955 በታተመው በስድስተኛው ግን እናቱ የታመመችበት ልጅ ፍሬ እንዲያመጣ ወደ አንዲት ገነት ይላካል፤ ሰርቆ ለእናቱ እንዲወስድ ቢፈተንም ይታገሣል፤ ኋላም ፍሬ ተሰጥቶት እናቱ ትድናለች።

የመጽሐፉ ሰም የልጆች ተረት ነው፤ ወርቁ ግን ሳይፈጸም የቀረ የአንድ ሕፃን ልመና ነው።