ያልተጀመረው ዋና ኮድ፦ ከወኪል ኮንትራቶች ታሪክ አንድ ምዕራፍ



በኢቴሪየም ላይ የሚጻፍ ስማርት ኮንትራት በሚጫንበት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ የኮድ ክፍል አለው፤ ኮንስትራክተር እንለዋለን። የኮንትራቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሊጠራው አይችልም። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ጥበቃ ሲታጣ ስለሆነው ነገር ነው።

መነሻው ቁጠባ ነበር። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮድ መጫን ውድ ስለሆነ፣ ዋናውን ኮድ አንድ ጊዜ ጭኖ ለሌላው ሁሉ ትንሽ ወኪል ኮንትራት መስጠት ተለመደ። «ወኪል» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ሊያሳስተን ይችላል። በሕግ ወኪል የሚሠራው በወካዩ ስምና ንብረት ነው፤ እዚህ ግን ገንዘቡም መዝገቡም ያለው በወኪሉ ዘንድ ነው፤ ከዋናው የሚዋሰው ኮዱን ብቻ ነው። የዋናው ኮንስትራክተር የሚጽፈውም በራሱ መዝገብ እንጂ በወኪሉ መዝገብ ላይ አይደለም። ስለዚህ የወኪሉን ባለቤት ለመመዝገብ ተራ የማስጀመሪያ ፈንክሽን አስፈለገ፤ ተራ ፈንክሽን ደግሞ ካልተጠበቀ ማንም ይጠራዋል።

የፓሪቲ ኩባንያ የጋራ ፊርማ ዋሌት የተሠራው በዚህ ስልት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2017 አንድ አጥቂ ሥራ ላይ በነበሩ ዋሌቶች የማስጀመሪያውን ፈንክሽን ዳግመኛ ጠርቶ ራሱን ባለቤት አደረገ፤ ከ150,000 በላይ ኢተርም ወሰደ። በማግስቱ የተጫነው አዲስ ኮድ አንዴ የተጀመረ ዋሌት ዳግመኛ እንዳይጀመር ከለከለ። እርማቱ ለዋሌቶቹ በቂ ነበር። ነገር ግን ዋናው ኮድ ራሱ በሰንሰለቱ ላይ የራሱ አድራሻ ያለው ኮንትራት ነው፤ እርሱን ማንም አላስጀመረውም።

ለእኔ የታሪኩ እምብርት ቀጥሎ የሆነው ነው። በኦገስት አንድ ሰው ዋናው ኮድ እንዲጀመር ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ኩባንያው ኋላ እንደገለጸው፣ ጥቆማው ሥራን እንደሚያቀል ማሻሻያ ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ዝማኔ ተላለፈ። ኖቬምበር 6 ቀን አንድ ተጠቃሚ ዋናውን ኮድ በቀጥታ አስጀምሮ ባለቤቱ ሆነ፤ ቀጥሎም ኮንትራቱን የሚያጠፋውን ፈንክሽን ጠራ። 587 ዋሌቶች 513,774 ኢተር እንደያዙ ቀሩ። ገንዘቡ በየዋሌቱ ይታያል፤ የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ግን የለም። በ2018 ኮዱን ለመመለስ የቀረበው ኢአይፒ 999 ከብርቱ ክርክር በኋላ ሳይተገበር ቀረ። አንዳንዶች ይህን የመርህ ድል ይሉታል፤ እኔ ገንዘባቸው የታሰረባቸውን ሰዎች ሳስብ ቃሉ ይከብደኛል።

በዚያው ዓመት ኢአይፒ 1167 ወኪሉን ወደ 45 ባይት አሳነሰው፤ ከእነዚህ 20ው የዋናው ኮድ አድራሻ ነው። ዛሬ ጠንቃቃ ገንቢ ቅጂውን የሚፈጥረውና የሚያስጀምረው በአንድ ግብይት ውስጥ ነው፤ በመካከል ማንም ቀድሞ ባለቤት እንዳይሆን። ዋናውን ኮድ ደግሞ በገዛ ኮንስትራክተሩ ለዘለቄታው ይቆልፈዋል። መቆለፊያው አንድ መስመር ነው። የተማሪዎችን የቤት ሥራ ሳርም፣ ብዙ ጊዜ የማጣው ያንኑ መስመር ነው።