ገመድ አልባ የቤት ስልክ

ገመድ አልባ የቤት ስልክ መነጋገሪያው ከመቀመጫው ጋር በሽቦ ሳይሆን በሬዲዮ ሞገድ የሚገናኝ የመደበኛ ስልክ ዓይነት ነው። መቀመጫው ከስልክ መስመርና ከኤሌክትሪክ ጋር ይያያዛል፤ መነጋገሪያው በሚሞላ ባትሪ ይሠራል።

አሠራር፦ በስፋት የታወቀው ዲጂታል ሥርዓት ዴክት ይባላል። በአውሮፓ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ እስከ 50 ሜትር፣ ገላጣ ቦታ ላይ እስከ 300 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ጥቅሙ፦ ከክፍል ወደ ክፍል፣ እስከ ግቢም እየተዘዋወሩ ይነጋገሩበታል። አንድ መስመር ብዙ መነጋገሪያዎችን ስለሚያስተናግድ አንዱን አጠገባቸው ለሚያኖሩ አረጋውያንና ታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ነው።

ጉድለቱ፦ መብራት ሲጠፋ መቀመጫው ሥራ ያቆማል። ባለገመዱ ስልክ ግን 48 ቮልት ያህል ኃይል ከስልክ ጣቢያው በመስመሩ በኩል ስለሚያገኝ መሥራቱን ይቀጥላል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሞገዱን ያዳክማል፤ የቆዩት አናሎግ ስልኮችም በሬዲዮ መቀበያ ሊጠለፉ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ፦ የስልክ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1894 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተጀመረው 477 ኪሎ ሜትር የሐረር–አዲስ አበባ መስመር ይነሳል። የስልክ ሽቦ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች የተሰራጨው የሲዲኤምኤ ስልክም ገመድ አልባ ይባል ነበር፤ እሱ ግን በቀጥታ ከአንቴና ማማ ጋር ይገናኝ ስለነበር የስልክ መስመር አይሻም ነበር። እንደ መካነ ሰላም ባሉ የደቡብ ወሎ ደጋማ ከተሞች መደበኛ መስመር ያለው ቤተሰብ ገመድ አልባውን ሲገዛ ባለገመዱንም ቢያቆይ ይበጀዋል፤ ድንገተኛ ሕመም መብራት እስኪመጣ አይጠብቅምና።