የማዘርቦርድ ካፓሲተር ማበጥ

የማዘርቦርድ ካፓሲተር ማበጥ በተለይ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ገደማ በተሠሩ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የታየ የሃርድዌር ብልሽት ነው። ኮምፒውተሩ በሥራ መሀል በራሱ ይጠፋል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ ስታክ ያደርጋል ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን በቫይረስ ወይም በዊንዶውስ ያላክካል፤ ፎርማት ቢደረግም ችግሩ ባለበት ይቀጥላል።

አሉሚኒየም ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ይህ ካፓሲተር በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ተደርድሮ የሚታይ ትንሽ ሲሊንደር ነው። ውስጡ በኤሌክትሮላይት ፈሳሽ የራሰ ወረቀትና ስስ አሉሚኒየም አብረው ተጠቅልለዋል። ከፓወር ሰፕላይ የመጣው 12 ቮልት ለፕሮሰሰሩ ወደሚስማማው 1.5 ቮልት አካባቢ ሲወርድ ኃይሉ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል። ፈሳሹ ሲደርቅ ወይም ሲበላሽ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ቮልቴጁም መዋዠቅ ይጀምራል። ጌም ወይም ቪዲዮ ተከፍቶ ፕሮሰሰሩ ብዙ ኃይል በጠየቀ ጊዜ ሲስተሙ ይቆማል።

የዚህ ካፓሲተር ዋና ጠላት ሙቀት ነው። በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ 2,000 ሰዓት እንዲሠራ የተሰላው፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ በ65 ዲግሪ ወደ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። ሌት ተቀን ለሚበራ ማሽን ይህ ከሦስት ዓመት ተኩል ብዙም አይበልጥም። አቧራ የደፈነው ፋን ደግሞ ያሳጥረዋል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ግን ከእርጅና የተለየ ነበር። አንዳንድ የታይዋን አምራቾች ውኃ የበዛበትና አሉሚኒየሙን ከመበላት የሚከላከል ቅመም የጎደለው ኤሌክትሮላይት ተጠቀሙ። ውኃውና አሉሚኒየሙ ሲገናኙ ሃይድሮጂን ጋዝ ይፈጠራል፣ ግፊቱም ሲሊንደሩን ይነፋዋል። ቀመሩ ከጃፓን ኩባንያ ተሰርቆ በጎደሎ የተቀዳ ነው ተብሎ በወቅቱ ተዘግቧል፤ ታሪኩ ለስለላ ፊልም ቢመችም ሙሉ ማስረጃ አልቀረበበትም። ደግሞም ችግሩ በታይዋን አልተወሰነም። በዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 እና ጂኤክስ280 ላይ የተበላሹት የጃፓኑ የኒቺኮን ምርቶች ነበሩ፤ ዴል በ2005 ለዚህ ጣጣ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። አፕልም ለአይማክ ጂ5 የጥገና ዋስትናውን አራዝሟል።

ብልሽቱን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሽፋኑን ከፍቶ በባትሪ ብርሃን ማየት ይበቃል። የደህና ካፓሲተር አናት ጠፍጣፋ ሲሆን እንደ መስቀል ወይም እንደ ኬ ፊደል የተጫረ መስመር አለው። የተበላሸው አናቱ ያብጣል፤ ሲብስበት መስመሩ ተሰንጥቆ ዝገት የመሰለ ቡናማ ቅርፊት ይወጣበታል። አንዳንዱ ከሥሩ አፍስሶ ያዘነብላል። ሌላው ምልክት ጠዋት አልነሳ ብሎ ከሞቀ በኋላ ደህና መሥራቱ ነው።

አናቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ተጠርጣሪው ሌላ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩን በፍላሽ ከተጫነ ሊኑክስ ማስነሳት ከብዙ ድካም ያድናል፦ እዚያም ከጠፋ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም። ራም በሜምቴስት86 ይፈተሻል፤ ሁለት ራም ካለም እያፈራረቁ በአንዱ ብቻ ማስነሳት ይቻላል። የደረቀ ቴርማል ፔስት ፕሮሰሰሩን አሙቆ ያጠፋዋል። ብዙዎች ቶሎ የሚቀይሩት የማዘርቦርድ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ሰዓትና ቅንብር ያዛባል እንጂ ማሽኑን በሥራ መሀል አያጠፋም።

ያበጠው ተነቅሎ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ 105 ዲግሪ የሚችልና የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ አዲስ ይበየድበታል። በጎኑ ያለው መስመር ኔጌቲቭ ነው፤ ገልብጦ መግጠም ያፈነዳዋል። ከረድፉ አንዱ ካበጠ የቀሩትም እኩዮቹ ስለሆኑ አብሮ መቀየር ይመረጣል። በኋላ የመጡ አብዛኞቹ ማዘርቦርዶች ፈሳሽ የሌለው ፖሊመር ካፓሲተር ስለሚጠቀሙ ይህ ዓይነት እብጠት አይታይባቸውም።

ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉትም ያብጣሉ። ኢትዮጵያን ጨምሮ 220 ቮልት በሚሠራበት አገር ግን ትልልቆቹ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም 310 ቮልት ገደማ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ልምድ የሌለው ሰው ፓወር ሰፕላዩን ከፍቶ ከመነካካት ሙሉውን ቢቀይር ይሻላል።