የጨጓራ ቁስለትና የምንጩ ውሃ

ከጎንደር በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የተጓዘ ሰው፣ ምግብ ቤት ገብቶ «ጨጓራ አለብኝ፣ በርበሬ አታብዙብኝ» የሚል መንገደኛ ሳያጋጥመው አይቀርም። ደገኛው ለዚህ ሕመም ተልባ አፍልቶ ይጠጣል፤ መነሻውንም በበርበሬ፣ በጾምና በሐሳብ ብዛት ያመካኛል።

በዚህ ረገድ ባላገሩ ከሐኪሙ እምብዛም አልራቀም ነበር። ካርል ሽዋርዝ የተባለው ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1910 ያለ አሲድ ቁስለት እንደማይኖር ካስገነዘበ ወዲህ፣ ሕክምናው በአመዛኙ አሲዱን በመቀነስ ላይ አተኮረ። ይሁንና ቁስሉ እየዳነ ሲያገረሽ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው በር በጠባሳ ሊጠብ ይችላል፤ በሽተኛውም የበላውን ያስታውካል። ያን ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ ጨጓራውን ዝቅ ብሎ ካለው አንጀት ጋር በአዲስ መተላለፊያ ያገናኘዋል፤ ይኸውም እኛ መሐንዲሶች ቧንቧ ሲደፈንብን በጎኑ ሌላ መስመር እንደምንዘረጋው ማለት ነው።

ነገሩ የተገለበጠው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከሕመምተኞች ጨጓራ ከተወሰደ ናሙና አንድ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ማራባት ቻሉ። ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ (ለማንም የማልመክረው ድፍረት ነው)። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በርበሬና ሐሳብ ሕመሙን ሊያባብሱ ቢችሉም፣ ለአብዛኛው ቁስለት ምክንያቱ ይኸው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ተሕዋስ፣ አለዚያም እንደ አስፕሪን ያለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑ ታወቀ።

ጉዳዩ ወደ እኛ ሙያ የሚመጣውም በዚህ ነው። ተሕዋሱ ብዙውን ጊዜ የሚጋባው በልጅነት ሲሆን፣ በትክክል በየትኛው መንገድ እንደሚተላለፍ ሊቃውንቱ ገና ቢከራከሩም፣ ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ በሌለበት፣ በተጨናነቀ ቤት ውስጥ እንደሚበዛ ይስማማሉ። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኑና ከነርሷ ጎን ሳኒቴሪያንም ያሠለጥን ነበር። ምንጭ የሚያጎለብተውና መጸዳጃ የሚያስቆፍረው ይህ ባለሙያ፣ ተሕዋሱ ከመታወቁ 28 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሳያውቀው የጨጓራ ሐኪምም ነበረ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዳባት የሚኖሩት አጎቴ ሃያ ዓመት ሙሉ በርበሬ ሳይቀምሱ ኖረዋል። በኋላ ተመርምረው ለ14 ቀን መድኃኒት ዋጡና ዳኑ። «ያን ሁሉ ዓመት አልጫ የበላሁት በከንቱ ነዋ!» አሉኝ እየሣቁ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬም ውሃ የሚቀዱት ካልጎለበተው ከዚያው ምንጭ ነው።