ከወረፋ የተወለደ ፖለቲካ፦ የህንድ ወጣቶችና የመንግሥት ሥራ ፈተና

የህንድ ባቡር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ለ35,000 ያህል የጸሐፊነት፣ የጣቢያ ኃላፊነትና መሰል መደቦች ማስታወቂያ ሲያወጣ 12.5 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች አመለከቱ። የመጀመሪያው ዙር ፈተና የተጀመረው በ2020 ማብቂያ ሲሆን ውጤቱ የተገለጸው በጃንዋሪ 2022 ነው። ውጤቱ ሲወጣ ከፍተኛ ዲግሪ ያላቸው ተወዳዳሪዎች ዝቅተኛ ትምህርት ለሚጠይቁት መደቦችም አልፈው ተገኙ። ዕድላችንን ተነጠቅን ያሉ ወጣቶች በቢሃርና በኡታር ፕራዴሽ ግዛቶች አደባባይ ወጡ፤ ሐዲድ ዘጉ፤ በጋያ ከተማ የባቡር ፉርጎዎች ተቃጠሉ።

እንዲህ ያለውን ቁጣ የሥራ አጥነት እሮሮ ብቻ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ሥራ ማጣት ለዓመታት በየቤቱ በዝምታ ሲብሰለሰል ሊኖር ይችላል። የህንድን ወጣት በአንድ ጀምበር አደባባይ የሚያወጣው ዕድሜውን የገበረበት ፈተና ሲሰረቅ፣ ሲጓተት ወይም ደንቡ በመሀል ሲቀየር ነው። ዘመድም ሀብትም ለሌለው ልጅ ፈተናው ከመንግሥት ጋር የገባው ውል ነው፤ አጥንተህ ካለፍክ የማን ልጅ ነህ ሳትባል ትቀጠራለህ የሚል ውል። የወጣቱ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሥጋቶች በአብዛኛው የሚገናኙት ይህ ውል በሚፈርስበት ቦታ ላይ ነው።

የመንግሥት ሥራ ይህን ያህል የሚፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከአንድ የህንድ የጥናት ተቋም ጋር በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ ወጣቶች 29.1 በመቶው ሥራ ፈላጊ ነበሩ። ማንበብና መጻፍ በማይችሉት ዘንድ ግን ቁጥሩ 3.4 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ማለት ያልተማረው የተሻለ ኑሮ አለው ማለት አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት አቅም ስለሌለው ያገኘውን የቀን ሥራ ይሠራል። ተመራቂው ግን ቤተሰቡ መሬት ሸጦም ሆነ ተበድሮ አስተምሮታልና፣ ውልና ጡረታ ወደሌለው ሥራ መመለስ የመላ ቤቱ ሽንፈት ይሆንበታል። አብዛኛው የአገሪቱ ሠራተኛ የሚተዳደረው ደግሞ በእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ክሬግ ጄፍሪ የተባለው የማኅበረሰብ አጥኚ በሜረት ከተማ ባካሄደው ጥናት፣ ሥራ እስኪገኝ በዲግሪ ላይ ዲግሪ እየደረቡ የሚጠብቁ ወጣቶችን አግኝቷል። ከእነሱ አንዳንዱ በተማሪውና በአስተዳደሩ መካከል ደላላ ሲሆን፣ ሌላው በካስት ሳይከፋፈል ሙስናን ለመቃወም ይሰለፍ ነበር። መጠበቅ ራሱ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ሆኗል።

መጠበቅ ገበያም ፈጥሯል። በራጃስታን የምትገኘው የኮታ ከተማ ተማሪዎችን ለሕክምናና ለምህንድስና መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶች መናኸሪያ ናት። በ2023 ራሳቸውን ያጠፉ ተማሪዎች ቁጥር ሲበዛ፣ የከተማዋ አስተዳደር በተከራዮች ክፍል የሚሰቀሉ የጣሪያ ማራገቢያዎች ክብደት ሲያርፍባቸው የሚለጠጥ ሞላ እንዲገጠምላቸው አዘዘ። ልጆቹን ያስጨነቀው ውድድር ግን እንደነበረ ቀጠለ። በዴልሂ ራጂንደር ናጋር ሠፈር ደግሞ በጁላይ 27 ቀን 2024 የዝናብ ጎርፍ አንድን የፈተና ማዘጋጃ ማዕከል ምድር ቤት አጥለቀለቀው። ለዕቃ ማስቀመጫ የተፈቀደው ይህ ክፍል ቤተ መጻሕፍት ተደርጎ ነበር፤ ለሲቪል ሰርቪስ ፈተና የሚዘጋጁ 3 ወጣቶች ሞቱበት። ጓደኞቻቸው መንገድ ዘግተው የጠየቁት ስለ ፈተና አልነበረም፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ፍሳሽ ቦይ፣ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ ተጠያቂነት ነበር።

ያም ሆኖ መተማመንን እንደ ፈተና ስርቆት የሸረሸረው ነገር የለም። በፌብሩዋሪ 2024 የኡታር ፕራዴሽ መንግሥት ከ60,000 ለሚበልጡ የፖሊስ መደቦች የሰጠውን ፈተና ጥያቄው አስቀድሞ ወጥቷል በሚል ሰረዘው፤ ያመለከቱት 4.8 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በሜይ 5 ቀን ደግሞ ከ2.3 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ለብሔራዊው የሕክምና መግቢያ ፈተና ተቀመጡ። ውጤቱ ሲወጣ 67 ተማሪዎች 720 ከ720 ማግኘታቸው ጥርጣሬ ቀሰቀሰ። የፓትና ፖሊስ በግማሹ የተቃጠለ የጥያቄ ወረቀት አግኝቶ ነበር፤ የፌዴራል መርማሪዎች ፍንጩን ተከትለው በጃርካንድ ግዛት ሃዛሪባግ ከተማ ከሚገኝ አንድ የፈተና ጣቢያ ደረሱ። በምርመራው መሠረት ወረቀቱ ከታሸገ ሣጥን ወጥቶ ፎቶ ተነሥቷል፤ የሕክምና ተማሪዎች ሠርተውታል፤ የከፈሉ ተፈታኞችም መልሱን በቃላቸው እንዲይዙ ተደርጓል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስርቆቱ መፈጸሙን ቢያረጋግጥም፣ ፈተናውን በሙሉ ያበላሸ ሰፊ መረብ ስለመኖሩ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ሳይሰርዘው ቀርቷል። ውሳኔው በማስረጃ ረገድ አሳማኝ ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛ ጊዜ ተፈትኖ በጥቂት ነጥብ የወደቀው ልጅ ግን ከፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ጥርጣሬው የካስትን ጥያቄም ያባብሳል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቪ. ፒ. ሲንግ በኦገስት 1990 ከማዕከላዊ መንግሥት ሥራ 27 በመቶው ወደ ኋላ ለቀሩ የኅብረተሰብ ክፍሎች እንዲያዝ ሲያስታውቁ፣ የላይኛው ካስት ተማሪዎች እስከ ራስ ማቃጠል የደረሰ ተቃውሞ አነሡ። በ2019 ደግሞ በየትኛውም የካስት ድርሻ ላልተካተቱ ድሆች 10 በመቶ ተጨመረ። የሥራ መደቡ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ በሆነ ቁጥር ሁሉም ወገን የሌላው ድርሻ የተቀማበት ይመስለዋል። በካስት ሥርዓቱ ግርጌ የተደረገው የዳሊት ወጣት ችግር ግን በር ላይ አያበቃም፤ በጃንዋሪ 2016 በሃይደራባድ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ያጠፋው የዶክትሬት ተማሪ የሮሂት ቬሙላ አሟሟት፣ ተወዳድሮ መግባት ከመገለል እንደማያድን ለአገሩ ሁሉ አሳይቷል።

ቅሬታው የምርጫ ጉዳይ መሆኑም አልቀረም። ሎክኒቲ የተባለው የምርምር ማዕከል ከ2024 ምርጫ በፊት ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 27 በመቶ የሚሆኑት ሥራ አጥነትን ቀዳሚ ጉዳያቸው አድርገውታል። በተመሳሳይ ወቅት ዕድሜያቸው 18 እና 19 ከሆኑት ወጣቶች የመራጭነት ካርድ ለመውሰድ የተመዘገቡት 40 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲነበቡ ያስጨንቃሉ፤ ችግሩን አጥብቆ የሚያውቀው ትውልድ ከምርጫ ጣቢያው ይልቅ በአደባባዩ ላይ መታመንን እየለመደ ነው። አደባባዩም አንዳንዴ ይሰማል። በኖቬምበር 2024 በኡታር ፕራዴሽ ፕራያግራጅ ከተማ ተፈታኞች በግዛቱ የመንግሥት ሠራተኞች ኮሚሽን ደጃፍ ቀንና ሌሊት ተቀመጡ። ፈተናው በተለያየ ፈረቃ ተሰጥቶ ውጤቱ በስሌት ይስተካከላል መባሉን ተቃውመው፣ “አንድ ቀን፣ አንድ ፈረቃ” ሲሉ ጠየቁ። ኮሚሽኑም የአስተዳደር ሠራተኞችን የመጀመሪያ ዙር ፈተና በአንድ ቀን ለመስጠት ተስማማ።

መንግሥት በጁን 2024 ሥራ ላይ ያዋለው የፈተና ማጭበርበር መከላከያ ሕግ ለተደራጀ ወንጀል እስከ 10 ዓመት እስራትና ቢያንስ 10 ሚሊዮን ሩፒ ቅጣት ይጥላል። ሕጉ ሌባውን ይቀጣል፤ ለዘገየውና ለተሰረዘው ፈተና ግን መልስ የለውም። ለምሳሌ በጁን 2022 የ4 ዓመት አገልግሎት ያለው አዲስ የወታደርነት ምልመላ ሲታወጅ፣ ቀደም ሲል የአካልና የጤና ምርመራ አልፈው የጽሑፍ ፈተና ሲጠብቁ የነበሩ ወጣቶች የቀድሞው ምልመላ ቀርቷል ተብለው ከዜሮ እንዲጀምሩ ተደርገዋል። በስርቆት የጠፋ ፈተና ሊደገም ይችላል፤ በመዘግየት የባከነ ዕድሜ ግን አይመለስም። ስለዚህ ክፍት መደቦችን በየዓመቱ ማሳወቅ፣ የፈተና ቀንን አስቀድሞ ቆርጦ ማክበር፣ ቀኑ ሲገፋም የአመልካቾችን የዕድሜ ገደብ በዚያው ልክ ማራዘም እንደ ቅጣቱ ሁሉ በሕግ ሊደነገጉ ይገባል።