ከሸክላ እስከ ዲጂታል መቆጣጠሪያ፤ የዲስክ ጆኪ መሣሪያዎች ታሪክና የምርጫው ጥያቄ

እንደሚታወቀው የዲስክ ጆኪ ሙያ አስቀድሞ የተቀረጸን ሙዚቃ መርጦና አያይዞ ለአድማጭና ለጨፋሪ ማቅረብ ነው። ባለሙያው ዘፋኝም ሆነ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋች አይደለም፤ ቢሆንም አንዱን ዘፈን ከሌላው ጋር ምቱ ሳይደናቀፍ ማገናኘት፣ የጨፋሪውንም ስሜት እየተከታተለ ማሞቅና ማብረድ የእርሱ ድርሻ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው በመሣሪያ አማካይነት በመሆኑ፣ ከሸክላ፣ ከሲዲና ከዲጂታል መቆጣጠሪያ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ በሙያው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ጥራትና በዋጋ ላይ ያተኩራል። የመሣሪያዎቹን ታሪክ ለተመለከተ ግን ከዚህ የከበደ ነገር ይታያል፤ ይኸውም መሣሪያ የመረጠ ባለሙያ ሊያጫውተው የሚችለውንም ዘፈን አብሮ መምረጡ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ለዚህ ሙያ ታስቦ ካልተሠራ መሣሪያ ነው። የቀድሞዎቹ የሸክላ ማጫወቻዎች ሳሕናቸው የሚዞረው በጎማ ቺንጋ ወይም በጎማ መዘውር ነበር። ቺንጋው ውሎ አድሮ ይለጠጣል፤ ሳሕኑም በእጅ ተይዞ ሲለቀቅ ወደ ትክክለኛው ፍጥነቱ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል። በጃፓን የማትሱሺታ ኩባንያ መሐንዲስ የነበሩት ሹዊቺ ኦባታ ሞተሩን በቀጥታ ከሳሕኑ ሥር በማስቀመጥ ቺንጋውን አስወገዱት። በዚሁ ዘዴ የተሠራው ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 በ1972 ለገበያ ሲቀርብ፣ የታሰበው በቤቱ ተቀምጦ ጥሩ ድምፅ ማዳመጥ ለሚወድ ሰው ነበር።

የሸክላ ማጫወቻን ሌላ ዕጣ የወሰነው ግን የኒው ዮርኩ የብሮንክስ ሠፈር ነው። ከጃማይካ የመጣውና በሙያ ስሙ ኩል ሄርክ የሚባለው ወጣቱ ክላይቭ ካምቤል፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኘው ሕንፃ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። ይህ ወጣት ጨፋሪው ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚሰማበትን አጭር ክፍል መሆኑን አስተውሎ ነበርና፣ አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ እያፈራረቀ ያንን ክፍል ማስረዘም ያዘ። ኤሌክትሮኒክስ የተማረው ግራንድማስተር ፍላሽ ደግሞ በሸክላው ላይ በቀለም ምልክት እያደረገ፣ ስንት ዙር ወደ ኋላ ቢመልሰው የፈለገው ቦታ ላይ እንደሚደርስ ቆጥሮ በማወቅ ዘዴውን አጠራው። በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር ሸክላውን ከመርፌው ሥር ወደፊትና ወደ ኋላ እየፈተገ አዲስ ድምፅ አወጣ። ስለዚህም ሸክላ የሙዚቃ ማስቀመጫ መሆኑ ቀርቶ በእጅ የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ ሆነ ማለት ይቻላል።

ማትሱሺታ ይህን አዲስ ጥቅም ተመልክቶ በ1979 ሁለተኛውን ኤስኤል 1200 አወጣ። በዚህኛው ላይ ከሳሕኑ አጠገብ ተንሸራታች የፍጥነት መቆጣጠሪያ ተገጥሞለታል፤ ፍጥነቱንም እስከ 8 በመቶ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ቁጥር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን እስከ 129 ድረስ ሊፋጠን ይችላል ማለት ነው። አንዱ ዘፈን በደቂቃ 120፣ ሌላው 121 ምት ቢኖረው፣ እኩል የተጀመሩት ሁለቱ ዘፈኖች በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ሙሉ ምት ይለያያሉ። ይህን ልዩነት በአንድ ጆሮ የአዳራሹን፣ በሌላው የማዳመጫውን ድምፅ እየሰሙ ማረም የሙያው ዋና ፈተና ሆኖ ኖረ። የዚህ ትምህርት ዋጋው ትዕግሥት ብቻ አልነበረም፤ ሸክላው ከነልባሱ ሩብ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ 80 ሸክላ ይዞ የሚሄድ ባለሙያ 20 ኪሎ ተሸክሞ ይሄድ ነበር።

በ1982 ሲዲ ሲወጣ ለቤት አድማጭ ትልቅ እፎይታ ነበር። ለዲስክ ጆኪው ግን በር እንደተዘጋበት ያህል ነው። ሲዲው በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ስለሚዞር በእጅ አይነካም፤ በዓይንም አይታይም። ይህ እንቅፋት የተወገደው በደረጃ ነው። ፓዮኒር ኩባንያ በ1994 ሲዲጄ 500 የተባለውን በእጅ የሚሽከረከር ክብ መዘውር ያለው ማጫወቻ አወጣ፤ በ2001 ደግሞ ሲዲጄ 1000 መዘውሩ ሲነካ እንደ ሸክላ የሚቆም፣ ሲገፋ እንደ ሸክላ የሚፋተግ ሆኖ ቀረበ። ይህ የሆነው መሣሪያው ከሲዲው ያነበበውን ድምፅ በማስታወሻው ውስጥ ስለሚይዝ ነው፤ እጅ የሚያንቀሳቅሰው ዲስኩን ሳይሆን የተያዘውን ድምፅ ነው። እንግዲህ ሲዲ በጭፈራ ቤት ቦታ ያገኘው ሸክላን በመናቅ ሳይሆን የሸክላን ጠባይ በመማር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ኮምፒዩተርም የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በኔዘርላንድ የተፈጠረው ፋይናል ስክራች፣ ከዚያም በ2004 የኒውዚላንዱ ሴራቶ ከሬን ኩባንያ ጋር ያወጣው ስክራች ላይቭ፣ ዘፈን ሳይሆን የጊዜ ምልክት ብቻ የተቀረጸበት ሸክላ ተጠቀሙ። መርፌው ምልክቱን ያነባል፤ ኮምፒዩተሩም በዚያው ፍጥነትና አቅጣጫ በውስጡ ያለውን ዘፈን ያሰማል። ቀጥሎ ሁለት መዘውርና አንድ ማደባለቂያ በአንድ ገበታ ላይ የያዘው ዲጂታል መቆጣጠሪያ ተስፋፋ፤ ምቱንም በአንድ ቁልፍ ማስተካከል ተቻለ። በ2020 የወጣው ሲዲጄ 3000 ስሙ ሲዲ ቢሆንም የሲዲ መክተቻ ጨርሶ የለውም።

እዚህ ላይ የዘፈኑ ጉዳይ ይነሣል። በኢትዮጵያ አቶ አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋሙ በኋላ በርካታ ዘፈኖች በሸክላ ታትመዋል፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ካሴት ሸክላውን ከገበያ አስወጣው። ስለዚህ በካሴት ዘመን የወጣው አብዛኛው የአማርኛ ዘፈን ሸክላ የለውም፤ ከሸክላው ዘመንም ወደ ሲዲ ያልተሻገረ አለ። በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን ለኢትዮጵያውያን ሠርግ የሚያጫውት ባለሙያ በሸክላ ብቻ ልሥራ ቢል፣ የካሴቱን ዘመን እንዳለ ከአዳራሹ ያስወጣዋል። የሸክላውንም ዘፈን በኮምፒዩተር ለማጫወት የሚሻ፣ ሸክላውን ያልጣለ ሰው አስቀድሞ ሊኖር ይገባል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ብዙ ሸክላ ዋጋው የታወቀው ከእጅ ከወጣ በኋላ ነው።

አዲሱ ሁሉ አሮጌውን ያጠፋል የሚለውም ግምት አልጸናም። የቴክኒክስ ባለቤት ፓናሶኒክ የኤስኤል 1200ን ምርት በ2010 አቋርጦ በ2016 እንደገና ጀመረው። በአሜሪካ በ2022 የተሸጠው ሸክላ 41 ሚሊዮን ሲሆን ሲዲው 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ በቁጥር ከሲዲ ሲበልጥ ከ1987 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በሌላ በኩል በበይነ መረብ በኪራይ የሚገኝ ዘፈን ምን ያህል ጊዜያዊ እንደሆነ በ2020 ታይቷል። ስፖቲፋይ በዚያ ዓመት በጁላይ ወር ለዲስክ ጆኪ ፕሮግራሞች ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት ሲያቋርጥ፣ ዝግጅታቸውን በእርሱ ላይ የመሠረቱ ባለሙያዎች ከሥራቸው መካከል ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አገልግሎቱ በ2025 ቢመለስም ትምህርቱ አይረሳም፤ ሸክላን ባለቤቱ ካልሸጠው ማንም ከመደርደሪያው አያነሣበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ አንዱን አንግሦ ሌላውን የሚጥል አይደለም። ለጀማሪ መቆጣጠሪያው ወጪን ያቀልለታል፤ በየአዳራሹ ለሚዘዋወር ባለሙያ የሲዲጄ ማጫወቻ በየቦታው ይጠብቀዋል፤ የእጅ ጥበብን ወይም በሸክላ ብቻ የቀረን ዘፈን ለሚፈልግ ደግሞ ከሸክላ የሚተካከል የለም። ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ማንን ላስጨፍር፣ በየትኛው ዘፈን፣ ዘፈኑስ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ምትን በቁልፍ ማስተካከል ይቻላል፤ ቀጥሎ የሚገባውን ዘፈን ግን እስከ ዛሬ የሚያውቀው የሠለጠነ ጆሮና ጨፋሪውን የሚመለከት ዓይን ነው።